ስልኩን ልቅዳው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ላይ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የሚመጣው በስልክ ነው። ከሐይቅም ከከሚሴም ከባቲም ይደወላል። በተለይ ዓረብ አገር ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን ቤት ሲያሠሩ ሁሉን ነገር የሚጨርሱት በስልክ ነው። በቅርቡ አንዱ ከጅዳ ደውሎ ዋጋ ጠየቀኝ። የበሩ ላሜራ፣ ማለትም ዝርግ ብረቱ፣ ውፍረቱ ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህን ያህል፣ ባለ 1.2 ከሆነ ይህን ያህል አልኩት። ሥራው ሲያልቅ አባቱ መጡና «ለልጄ በዚህ ዋጋ ባለ 1.2 ነው ያልከው» አሉኝ። ልጁም ደውሎ ማለ። እኔም ማልኩ። ቀሪው ሒሳብ እስካሁን አልተከፈለኝም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲደውል ሳልነግረው እቀዳለሁ። ባለቤቴ «ነውር ነው» ትለኛለች። እውነት ነውር ነው? ሕጉስ ምን ይላል? ደንበኛው እኔን ቢቀዳኝስ?

ብረት ሠራተኛው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ወንድሜ፣ አብሽር። የለፉበትን ገንዘብ «ብለሃል፣ አላልኩም» በሚል ክርክር ማጣት ያንገበግባል። መፍትሔ መፈለግህም ተገቢ ነው። ግን ባለቤትህ ልክ ናት። ሳትነግር አትቅዳ።

የሚደውልልህ ሰው ገና ደንበኛህ አይደለም። ዋጋ እያጠያየቀ ነው። በዚህ መሀል ግን ምን ምን እንደሚነግርህ ልብ ብለሃል? ስንት ብር እንደላከ ይነግርሃል። ቀሪውን መቼ እንደሚልክና በማን ስም እንደሚገባ ይነግርሃል። እናቱ ብቻዋን እንደሆነች፣ ቤቱ ገና በር እንዳልተገጠመለት ይነግርሃል። በር ስለምትሠራ ነው ይህን ሁሉ የምትሰማው። ስልክህ ደግሞ ጥገና ቤት ይገባል። ልጆች ጌም ይጫወቱበታል። ገበያ መሀል ሊሰረቅም ይችላል። የሰው ቤት ምስጢር በኪስህ ይዘህ መዞርህን ያ ልጅ አያውቅም።

ሕጉን ጠይቀሃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል። የሰውን መረጃ ለሥራው የሚሰበስብ ሁሉ ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ለምን እንደሚሰበስብ መንገር አለበት፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም ማቆየት የለበትም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ ለባንክና ለትልልቅ ድርጅት ብቻ የወጣ እንዳይመስልህ። ስምና ድምፅ በስልኩ የሚያጠራቅም የብረት ሠራተኛም በዚህ ሚዛን ይመዘናል።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት አይደርስም። ሽማግሌ ፊት ነው የሚያልቀው። አንድ ባለሱቅ ሽማግሌዎች ፊት በድብቅ የቀዳውን ድምፅ ሲያሰማ አይቻለሁ። ድምፁ የሱን እውነት የሚያስረዳ ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ስለ ብሩ ያወራ ሰው የለም። ወሬው ሁሉ «እኛንም ቀድቶን ይሆን?» ሆነ። ያ ሰው ብሩን አገኘ፤ የሰፈሩን አመኔታ ግን አጣ።

መቅዳት የግድ ካስፈለገህ ገና ሲጀመር ጠይቅ። «ወንድሜ፣ ልኬቱ እንዳይጠፋብኝ ልቅዳው?» በል። እሺ ካለ ቅዳ። እምቢ ካለ ብዕር አንሣ። ብዙ ስልኮችም አሁን «ጥሪው እየተቀዳ ነው» ብለው ለሁለቱም ወገን ራሳቸው ይናገራሉ። ድምፁን ለማጥፋት አትድከም፤ የሚናገረው ያንተን ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የተቀዳ ድምፅ የተባለውን እንጂ የታሰበውን አይነግርህም። እኔ ደሴ ላይ የሠርግና የኒካህ ካርድ አሳትማለሁ። አንድ የሙሽራ ወንድም ከሪያድ ደውሎ «ፕሮግራሙ 8 ሰዓት ነው» አለኝ። እሱ የዚያን አገር ሰዓት ለምዶ ጠዋት ማለቱ ነው። ለእኛ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ብቀዳው ኖሮ ቅጂው «8 ሰዓት» ይላል፣ ሁለታችንም ልክ ነን፣ እንግዳው ግን ሠርጉ ካለቀ በኋላ ይመጣል። ያዳነን ረቂቁ ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ፎቶውን ላክሁለት። ያኔውኑ ደውሎ አስተካከለ። እኔ ዘንድ «እሺ፣ ይታተም» የሚል መልስ ሳይመጣ ማሽን አይነሣም። የገዛ እህቴም ካርድ ቢሆን አይነሣም።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ስልኩ እንደተዘጋ፣ ሌላ ሥራ ሳትነካ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ጻፍለት። «2 በር፣ 4 መስኮት። የበሩ ላሜራ ባለ 1.2። መስታወት የለበትም። ማጓጓዣ በእርስዎ። ዋጋው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ከተስማሙ እሺ ብለው ይመልሱልኝ።» ይኸው ነው። «እስከ ዓርብ» የምትለዋን አትርሳት። የብረት ዋጋ እንዴት እንደሚለዋወጥ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ሰውየው ከወር በኋላ መጥቶ በድሮው ዋጋ ሥራልኝ እንዳይልህ ነው።

ጽሑፍ የሚከብደው ሰው አለ። አባትየው ፊደል ላያውቁ ይችላሉ። እንግዲያው ቮይስ ላክላቸው፤ እሳቸውም በቮይስ ይመልሱ። ይህም ድምፅ ነው፣ ግን እያወቁ ራሳቸው ቀድተው የላኩት ነው። ነውር የለበትም። ከጅዳ በኢሞ ለሚደውለውም ልጅ ይበጃል። ላሜራውንም በእጅህ ይዘህ፣ ውፍረቱን በመለኪያ አሳይተህ ፎቶ ላክ። 0.8 እና 1.2 በስልክ ቁጥር ናቸው፤ በዓይን ሲታዩ ግን ይለያያሉ።

ከሁሉ በላይ ቀብድ ተቀበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ አንተም የማትደርስበትን ሥራ ቀብድ አትብላ። ቀብዱ በባንክ ይግባ፤ ምክንያቱ ላይ «የበርና መስኮት ቀብድ» ይባል። በሥራው ዓይነትና በዋጋው ላይ ደግሞ መልእክቱ ይመሰክራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መሐላ ውስጥ አትገባም።

ደንበኛው ቢቀዳህስ ላልከው፦ የሚደውልልህ ሰው ሁሉ አንተን እየቀዳህ እንደሆነ አድርገህ ተናገር። ያልገዛኸውን ብረት አለኝ አትበል። የማታደርስበትን ቀን አትስጥ።

እስካሁን በድብቅ የቀዳሃቸውን ደግሞ አጥፋቸው። ሥራ ሳይሰጡህ የቀሩትን ሰዎች ድምፅ ለምን ታስቀምጣለህ? የጅዳው ልጅ ጉዳይ ያለ ቅጂም ያልቃል። አባትየውን ቡና ጥራቸው። ባለ 0.8ቱንና ባለ 1.2ቱን ላሜራ ጎን ለጎን አስቀምጥላቸው፤ የገዛህበትን ደረሰኝም አውጣ። ልጁም በስልክ መስመር ላይ ይሁን። ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሽማግሌ ጨምሩ፤ ልዩነቱን ለመካፈልም ዝግጁ ሆነህ ቅረብ።