ስለ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ለጠየቀችው እህት፦ ከዐረፍተ ነገሩ በፊት ዕጣው እንዴት እንደወጣ ይታይ

እህቴ፣ ከ10 ቀበሌ 422 እናቶችን ጠይቀሽ በጤና ተቋም የወለዱት 38 ከመቶ መሆናቸውን አግኝተሻል፤ ኮምፒውተሩም ከ33.4 እስከ 42.6 የሚል ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ማለትም የግምቱን ታችኛና ላይኛ ወሰን፣ አውጥቶልሻል። አማካሪሽ «እውነተኛው ቁጥር በዚህ መካከል የመሆኑ ዕድል 95 ከመቶ ነው» ብለሽ እንድትጽፊ ነገረሽ፤ ፈታኙ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን ሰርዞ መለሰልሽ። ማን ልክ ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ፈታኙ ልክ ነው። ነገር ግን ዋናውን ጥያቄ፣ እናቶቹ እንዴት ተመረጡ የሚለውን፣ ሁለቱም አልጠየቁሽም፤ እኔን ረጅም መልስ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

1. 95 ከመቶው የሚናገረው ስለ ዘዴው እንጂ በእጅሽ ስላለው ወሰን አይደለም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ጄርዚ ኔይማን ሐሳቡን በ1937 እ.ኤ.አ. በሰፊው ካቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ያንኑ ጥናት በየጊዜው አዲስ ዕጣ እያወጣሽ ብትደጋግሚው ከሚወጡት ወሰኖች 95 ከመቶ ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋሉ። ካላመንሽ በኤክሴል ሞክሪው። እውነተኛው ቁጥር 40 ከመቶ ነው ብለሽ ራስሽ ወስኚ፣ 422 ሰው በዕጣ አውጪ፣ ወሰኑን አስዪ፣ መቶ ጊዜ ድገሚው። አምስት ያህሉ 40ን ስተው ታገኛቸዋለሽ፤ የሳተው ወሰን ግን ካልሳተው በምንም አይለይም። ስለዚህ «ግምቱ 38 ከመቶ ሲሆን የ95 ከመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከዚህ እስከዚህ ነው» ብለሽ ጻፊና እለፊ።

2. ያ 33.4 እና 42.6 ራሱ አያስተማምንም። 422 ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በተለመደው የናሙና መጠን ቀመር የሚወጣው 384 ላይ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 ከመቶ ተጨምሮበት ነው። ቀመሩ እያንዳንዷ እናት ከመላው ወረዳ ለየብቻዋ በዕጣ እንደወጣች ይቆጥራል። አንቺ ግን መጀመሪያ ቀበሌ መርጠሽ ከየቀበሌው 42 ያህል እናቶችን ወስደሻል። የአንድ ቀበሌ እናቶች ጤና ጣቢያቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ ስለሆነ መልሳቸውም ይቀራረባል። ይህ መቀራረብ 1 ሙሉ መመሳሰል በሆነበት መለኪያ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳን ዲዛይን ኢፌክቱ (በቀበሌ መምረጥ መረጃውን በስንት እጥፍ እንደሚያሳሳው የሚናገረው ቁጥር) ወደ 3 ይደርሳል፤ 422 እናቶችሽ የ140 እናቶችን ያህል መረጃ ብቻ ይሰጡሻል ማለት ነው። ቀበሌዎቹ 10 ብቻ በመሆናቸው ደግሞ ወሰኑን ስታሰዪ በተለመደው ማባዣ በ1.96 ፈንታ 2.26 ትጠቀሚያለሽ። በዚህ ስሌት ወሰኑ ከ28.7 እስከ 47.3 ይሆናል፤ ከበፊቱ እጥፍ ነው። ብዙዎች ለዚህ ብለው ናሙናቸውን በ1.5 ወይም በ2 ያበዙና ትንተናው ላይ ሲደርሱ ይረሱታል። በጣም ያናድደኛል፤ መረጃ ሰብሳቢ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተጉዞ ያመጣውን መልስ በአንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ማበላሸት ነውና። ስታታ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ ቀበሌውን የናሙና ክላስተር (አብሮ የተመረጠ ቡድን) አድርገሽ አስመዝግቢ።

3. እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። በአንድ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የመረጃ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጥናቱ እንደ አንቺው እናቶች የት እንደሚወልዱ የሚጠይቅ ነው። መኪና የሚፈቀድልን ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ የአካባቢው ገበያ ነው። ቤቱ ተዘግቶ ከተገኘ «ቀጥሎ ያለውን ግቡ» የሚል መመሪያ ተሰጠ። በገበያ ቀን ከቤት የምትገኘው ማን ናት? አራስ፣ የታመመች፣ ወይም ገበያ የምትልከው ሰው ያላት። እንጨት ተሸክማ ለመሸጥ በሌሊት የወጣችው አትገኝም። መጠይቆቹን ሳገላብጥ የመንገድ ዳር ቤቶች በዝተው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ግን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። በጽሑፍ አመለከትኩ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና እንኳን ሳይል «ወሰኑ ጠባብ ነው፤ 95 ከመቶ እርግጠኞች ከሆንን ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። በስብሰባም ሥራ አደናቃፊ ተባልኩ።

ሪፖርቱ ሄደ። ኋላ ገንዘብ ሰጪዎቹ ከጤና ጣቢያዎቹ የወሊድ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት አልገጠመም፤ መዝገቡ ላይ ያሉት እናቶች እጅግ ያነሱ ነበሩ። ጥናቱ ይደገም ተባለ። ድጋሚውን የመራሁት እኔ ነኝ። የተዘጋ ቤት በማለዳም በማታም እየተመለስን አንኳኳን፣ ወንዙንም ተሻገርን። ውሎ አበል ስንጠይቅ «አንድ ጊዜ ተከፍሏችኋል» ተብለን ተከለከልን፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሁለተኛው ጥናት ወሰን ከመጀመሪያው ሰፊ ነበር፤ ከመዝገቡ ጋር የተስማማው ግን እሱ ነው። ይህን ሥራ እኮራበታለሁ።

ኮንፊደንስ ኢንተርቫል የሚያውቀው የዕጣን መዛባት ብቻ ነው። ያልተንኳኳ በር፣ የተፈራ ጥያቄ፣ የተረሳ መንደር እሱ ዘንድ አይመዘገብም። ናሙና በማብዛትም አይድንም። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። በዚያ ብዛት ወሰኑ ቢሰላ ከግራም ከቀኝም ከ0.1 ከመቶ ያነሰ ነበር የሚሆነው። ሩዝቬልት ግን 61 ከመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ መልስ የላኩትም ካልላኩት የተለዩ ነበሩ።

የከተማውና የገጠሩ ወሰን ስለተደራረበ ልዩነት የለም ብለሽ መደምደምሽንም አስተካክዪ። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተመልከቺ። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የእናቶች ሞት በ2011 እ.ኤ.አ. በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 676 ነበር፤ ወሰኑ ከ541 እስከ 810። በ2016 እ.ኤ.አ. 412 ሆነ፤ ወሰኑ ከ273 እስከ 551። ከ541 እስከ 551 ባለው ይደራረባሉ። የልዩነቱን ወሰን ለብቻው ስታሰዪው ግን ከ70 እስከ 457 አካባቢ ይመጣል፤ ዜሮ ውስጡ የለም፤ ልዩነት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ስታወዳድሪ የልዩነቱን ወሰን አውጪ። 2.1 ሆኖ ወሰኑ ከ0.96 እስከ 4.6 የሆነውን ኦድስ ሬሾም (ሁለት ቡድኖችን የሚያነጻጽር ቁጥር፤ 1 ሲሆን ልዩነት የለም ማለት ነው) ወሰኑ 1ን ስላቀፈ ብቻ «ግንኙነት የለም» አትበዪው፤ መረጃው አልበቃም ማለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ መስክ ማስታወሻሽ ተመለሺ። ከየቀበሌው ስንት ቤት ተዘግቶ እንደተገኘና በስንቱ ፈንታ ጎረቤት እንደተጠየቀ ቆጥረሽ በሰንጠረዥ አስገቢው። የቤቶቹን ዝርዝር ካጣሽ በየጤና ኬላው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጠይቂ፤ የየቤተሰቡ ማኅደር እነሱ ዘንድ ይገኛል፤ ያልተጠየቁት እናቶች ከየትኛው ጎጥ እንደሆኑም ከዚያ ታወጪዋለሽ። ሰንጠረዡን እዚህ ብትለጥፊው አብረን እናየዋለን።