የሐረናዋ እንቁራሪት ዘመዶቿ እነማን ናቸው?

በባሌ ተራሮች ሐረና ጫካ ስለምትገኘው ብርቅዬ እንቁራሪት፣ በሳይንስ ስሟ ኤሪካባትራኩስ ባሌኤንሲስ፣ የደረሱኝ ጥያቄዎች በርካታ ናቸው። የተወሰኑትን እነሆ።

«በሳይንስ ምደባ የቤተሰብ ስሟ በየመጽሐፉ ይለያያል። የቱን እንመን?»

አዲሱን። እንቁራሪቷ እ.ኤ.አ. በ1991 ስትሰየም መመደቢያው የአካሏ ቅርጽ ብቻ ነበር። እንቁራሪት ላይ ደግሞ መልክ ያሳስታል። አኗኗራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ሥጋ ዝምድና የሌላቸው እንቁራሪቶች ቁርጥ መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ ፍራይኖባትራኩስ ከሚባሉት እንቁራሪቶች ጋር ሲያዛምዳት፣ ሌላው ካኮስተርኒኔ ወደሚባሉት እንቁራሪቶች ወሰዳት። ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ስድስት ጂኖቿን መርምሮ ሁለቱንም ውድቅ አደረገ።  የቅርብ ዘመዶቿ ፔትሮፔዴቴስ የሚባሉት እንቁራሪቶች ሆነው ተገኙ። እነሱ የት ነው ያሉት? ካሜሩንና አካባቢው! እስቲ ካርታ አውጡና ከባሌ እስከዚያ ያለውን መንገድ እዩት። ቤተሰቧም ዛሬ ፔትሮፔዴቲዴ ነው።

«የዲኤንኤ (የጂኖቿ) ምርመራው ለምን ያን ያህል ዘገየ?»

ትኩስ ናሙና ስለሚያስፈልግ ነው። ሙዚየም ውስጥ በፎርማሊን የተቀመጠ ገላ ለቅርጽ ጥናት ግሩም ነው፤ ፎርማሊን ግን ዲኤንኤን ያበላሻል። እንስሳዋ ደግሞ እንደ ልብ አትገኝም።

«ስሟ ምን ማለት ነው?»

ኤሪካ አስታ ናት፣ ደጋ ላይ የምናውቃት ዛፍ። ባትራኩስ በግሪክ እንቁራሪት ነው። ባሌኤንሲስ የባሌ ማለት። ባጭሩ የባሌ የአስታ እንቁራሪት። ከሳይንሳዊ ስሞች መካከል እንዲህ አድራሻ የሚነግር ደስ ይለኛል።

«ከስሟ ቀጥሎ ‹ላርገን፣ 1991› የሚል አለ። ሌሎች እንስሳት ላይ ግን ቅንፍ ውስጥ ነው። ስህተት ነው?»

ጎበዝ አንባቢ! ስህተት አይደለም። ማልኮም ላርገን የሰየማት ሰው ነው። ቅንፍ የሚገባው ዝርያው በኋላ ወደ ሌላ ጂነስ (ከቤተሰብ በታች ያለ፣ የቅርብ ዝርያዎች የሚመደቡበት ስብስብ) ሲዛወር ብቻ ነው። እሷ የቀየረችው ቤተሰብ እንጂ ጂነስ ስላልሆነ የላርገን ስም ያለ ቅንፍ ቆመ። እኔም ለረጅም ጊዜ ቅንፉ የጸሐፊው ምርጫ ይመስለኝ ነበር።

«ጉርጥ ናት እንቁራሪት?»

ሁለቱም አኑራ በሚባል አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው። እሷን ግን እንቁራሪት በሏት።

«በጂነሱ ውስጥ ብቻዋን ናት የሚባለው እውነት ነው?»

አዎ። እዚያው ሐረና ያለችው ሌላ እንቁራሪት፣ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒም፣ በራሷ ጂነስ ብቻዋን ናት። ሁለቱም ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ጫካው ሲመነጠርና ከብት ጅረት ዳሩን ሲረግጠው መሸሻ የላቸውም።