ለኳስም ለኮንሰርትም አንድ አዳራሽ

ወንድሜ፣ «ደሴ ላይ ቅርጫት ኳስም ኮንሰርትም የሚስተናገድበት አንድ አዳራሽ ያዋጣል ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ያዋጣል። ወለሉ በእጅ ኳስ ልክ ይሁን፣ 40 በ20 ሜትር፣ ዙሪያውን ትርፍ ቦታ ይኑረው። ቅርጫት ኳስ 28 በ15፣ መረብ ኳስ 18 በ9 ስለሆነ ሁለቱም እዚያው ላይ ይሰመራሉ።

ዋናው ጣጣ ድምፅ ነው። ባዶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ድምፁን እያስተጋባ ዘፋኙ ምን እንዳለ እንኳ አይለይም፣ የክረምቱ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ አስበው፤ ድምፅ የሚውጥ ልባስ ከዲዛይኑ ይግባ። ጣሪያውም ስፒከርና መብራት እንዲሸከም ቀድሞ ይሰላ። በኋላ ማጠናከር ኪስ ያራቁታል። በኮንሰርት ቀን እንጨቱ ወለል ላይ መሸፈኛ ይነጠፍ፣ የመድረኩ ብረት ከጫረው ለተጫዋች እግር አይሆንም።

ቦታውን እኔ ብሆን ኮምቦልቻ አደርገዋለሁ። ሜዳው ይሻላል፣ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ስለሚበዛ ቁፋሮውና ድጋፍ ግንቡ ብቻ ስንቱን ብር ይበላል!