ዒላማ ተኮር ክኒኑ ለምን በ8ኛው ቀን ይጀመራል?

«ወንድሜ አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኬሚያ (የደም ካንሰር) አለበት። ኤፍኤልቲ3 የሚባል የጂን ለውጥ ስለተገኘበት ከኬሞ ጋር ክኒን የሚሞክር ጥናት ይግባ አሉን። ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን) ቢደርሰውስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦

ፕላሴቦ የደረሰው ሰው ያለ ሕክምና አይቀርም፤ ሙሉውን ኬሞ ሁለቱም ወገን ያገኛል። ግን ለዚሁ ለውጥ ሚዶስታውሪን የተባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ማወዳደሪያው አሁንም ባዶ ክኒን ብቻ ከሆነ ምክንያቱን እንዲያስረዱሽ ጠይቂ።

ሚዶስታውሪን የተፈተነው ከ18 እስከ 59 ዓመት በሆኑ 717 ታካሚዎች ላይ ነበር። ከኬሞ መድኃኒቶቹ ዳውኖሩቢሲን በሰውነት ገጽ ስፋት በካሬ ሜትር 60 ሚ.ግ. ለ3 ቀን፣ ሳይታራቢን በካሬ ሜትር 200 ሚ.ግ. ለ7 ቀን ሳይቋረጥ በደም ሥር ይሰጣል። ክኒኑ ከ8ኛው እስከ 21ኛው ቀን፣ 50 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ ነው። መዘግየቱ ቸልተኝነት እንዳይመስልሽ። ኬሞው በይበልጥ የሚገድለው በመከፋፈል ላይ ያለን ሴል ነው፤ ክኒኑ ደግሞ መከፋፈሉን ይገታል። ክኒኑ ከቀደመ፣ የቆመውን ሴል ኬሞው ሊስተው ይችላል።

ውጤቱን የሚያወራ ሁሉ «74.7 ወር ከ25.6 ወር» ይላል፤ ይህ በሚዶስታውሪንና በፕላሴቦ ወገን ግማሹ ታካሚ በሕይወት የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ነው። እኔ ይህን ቁጥር ብዙም አልወደውም፤ በሕይወት የቀሩትን የሚያሳየው የሚዶስታውሪኑ የግራፍ መስመር ግማሹ ሰው አካባቢ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሄደ መካከለኛው ቁጥር በትንሽ ነገር ይዘላል። በ4 ዓመት በሕይወት የነበሩት ከሚዶስታውሪን ወገን 51.4 በመቶ፣ ከፕላሴቦ ወገን 44.3 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ከመቶ ሰባት ሰው ገደማ ማለት ነው፤ እውነተኛ ግን ልከኛ ጥቅም።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲጋጭ ነው። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ለፈንገስ መከላከያ የሚታዘዙት ፖሳኮናዞልና ቮሪኮናዞል ጉበት መድኃኒቱን እንዳያስወግድ ስለሚከለክሉ መጠኑ በደም ውስጥ ይከማቻል። ክኒኑ ኩዊዛርቲኒብ (ኤፍኤልቲ3ን የሚያግድ ሌላ ክኒን) ከሆነ የሚታዘዘው መጠን በግማሽ ገደማ ይቀነሳል፤ ሚዶስታውሪን ከሆነ የጎንዮሽ ጉዳቱን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ክኒኑን ከንቱ ያስቀረዋል። ኩዊዛርቲኒብ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ስለሚያዛባ ኢሲጂ ሳይነሳ አይጀመርም። ትውከትና ተቅማጥ ፖታሲየምና ማግኒዚየምን ሲያወርዱ አደጋው ይብሳል፤ ሁለቱ በየጊዜው ይለኩ።

ሚዶስታውሪን ከምግብ ጋር፣ የማቅለሽለሽ መከላከያ አስቀድሞ ተወስዶ ይዋጣል። ካስመለሰው በላዩ አይደገምም፤ ቀጣዩ ሰዓት ይጠበቃል።

ኬሞው ገና ካልተጀመረ፣ የመቅኔ ናሙናው ለጂን ምርመራ በቂ መሆኑን ዛሬውኑ አረጋግጪ። ኬሞው የታመሙትን ሴሎች ካጠፋ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ለውጡ እያለ «የለም» ሊል ይችላል።