ጎማው ውስጥ የቀረ አትሮፒን

አንዲት እህት ከደብረ ብርሃን ጽፋልኛለች። የፋርማኮሎጂ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ተማሪዎቿ ከመንዝ የመጣ ጦስኝ የሆድ ቁርጠትን ያላላ እንደሆነ እየሞከሩ ነው። የጊኒ ፒግ ቀጭን አንጀት ቁራጭ 20 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይሰቀላል፣ በ37 ዲግሪ ይሞቃል፣ ጋዝ ይነፋበታል። መጀመሪያ አሴቲልኮሊን (ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት ኬሚካል) ሰጥተው ያኮማትሩታል፣ ከዚያ ጦስኙን ይሞክራሉ። ቀኑ ሲያበቃ ለማነጻጸሪያ አትሮፒን፣ የአሴቲልኮሊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት፣ ይሰጣሉ።

ችግሯ እንዲህ ነው፦ «ጠዋት አዲስ አንጀት ስሰቅል፣ ገና ምንም ሳይነካው፣ እንደ ድሮው ለመኮማተር 10 እጥፍ አሴቲልኮሊን ይፈልጋል። መጠኑን ስጨምርለት ግን እስከ ጫፍ ይደርሳል። ለሂስታሚን፣ ለሌላው አኮማታሪ ኬሚካል፣ ደህና ነው። አሴቲልኮሊኑን በአዲስ ቀየርኩ፣ ያው ነው። በቅርቡ ጠጋኝ መጥቶ የዕቃውን ስንጥቅ በሲሊኮን ለጥፏል፣ ዕቃው የሚሞላበትንና የሚፈስበትን ጎማ ቀይሯል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ሬጉላተር (የግፊት መቆጣጠሪያው) ስለጠበቀም ግሪስ ቀብቶልን ሄዷል።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያ ግሪስ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። 95 በመቶ ኦክሲጅን ያለበት ሲሊንደር ላይ ግሪስም ሆነ ዘይት አይነካም! በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ኦክሲጅን ቅባት ካገኘ ክብሪት ሳይጫር ይቀጣጠላል። ዛሬውኑ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጊና ማንም እንዳይከፍተው ጽፈሽ ለጥፊበት። በቤንዚን ወይም በጨርቅ ላጽዳው እንዳትይ። ጋዙን የሚያቀርብላችሁ ድርጅት መጥቶ ይየው። እስከዚያ ድረስ፣ አንጀቱን የምታስቀምጪበት ጨዋማ ፈሳሽ ታይሮድ የሚባለው ከሆነ፣ ይህ አንጀት በተራ አየር ፓምፕም ይሠራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አረፋውን በርከት አድርጊው።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ሂስታሚን ደህና ሠርቶ አሴቲልኮሊን ብቻ ከደከመ፣ ጥፋቱ የሙቀት አይደለም። የኅዳር ውርጭ ውኃሽን አብርዶት ቢሆን ሁለቱም ይደክሙ ነበር። አንጀቱም አልሞተም፤ የሞተ አንጀት እስከ ጫፍ አይደርስም። አሴቲልኮሊንን ብቻ መርጦ የሚያስቸግር፣ ብዙ ሲሰጠው ደግሞ የሚሸነፍ ነገር ዕቃው ውስጥ አለ። እኔ የትናንቱ አትሮፒን ዛሬም እዚያው አለ ባይ ነኝ።

ይህችን ነገር ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፣ ስለምወዳት ነው። በ1905 ካምብሪጅ ውስጥ ጆን ላንግሌይ ኒኮቲንና ኩራሬን በጡንቻ ላይ ሞክሮ፣ ሁለቱ የሚሻሙበት አንድ ተቀባይ ነገር አለ ብሎ ጻፈ። ዛሬ ሪሴፕተር የምንለው ነው። በ1926 አልፍሬድ ክላርክ የእንቁራሪት ልብና የሆድ ጡንቻ ይዞ፣ ልክ አንቺ የምትሠሪባቸውን ሁለቱን፣ አሴቲልኮሊንና አትሮፒንን፣ በቁጥር ለካቸው። ሪሴፕተሩን እንደ ቡና ቤት ወንበር ቁጠሪው። አሴቲልኮሊን ተቀምጦ የሚያዝ ደንበኛ ነው። ትእዛዙ ሲደርስ አንጀቱ ይኮማተራል። አትሮፒን ግን ወንበር ይዞ ምንም አያዝም። ቢሆንም አልተቸነከረም፤ ይነሣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ስለዚህ የሚያዘው ደንበኛ ከበዛ ወንበሮቹን ይወስዳል፣ ሽያጩም የድሮው ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ወንበሩ ላይ ተቸንክሮ የሚቀር መድኃኒት ቢሆንና ብዙውን ወንበር ቢይዝ ኖሮ፣ የቱንም ያህል አሴቲልኮሊን ብታፈሺ ጣሪያው ዝቅ ይል ነበር። ያንቺ ጣሪያ አልወረደም። ጥርጣሬዬን ያጠነከረው ይኸው ነው። ሂስታሚን ደግሞ የሚቀመጠው ሌላ ወንበር ላይ ነው፣ በዚህ መጠን ያለ አትሮፒን አይደርስበትም።

መጠኑንም ማስላት ይቻላል። ሃይንዝ ሺልድ በ1947 ፒኤ2 የሚባለውን የማገጃ መድኃኒት ጉልበት መለኪያ አወጣ። በዚህ አንጀት ላይ የአትሮፒን ፒኤ2 9 ገደማ ነው። በሊትር 1 ናኖሞል አትሮፒን ካለ፣ አንጀቱ የሚፈልገው አሴቲልኮሊን እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። አንቺ ጋ 10 እጥፍ ስለሆነ በሊትር 9 ናኖሞል ያህል አለ። በ20 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ 50 ናኖግራም ገደማ! ዓይን አያየው፣ የላብራቶሪ ሚዛን አያነሣው። በ1965 ዊልያም ፓተንና ሃምፍሪ ራንግ ጨረር የሚያመነጭ አትሮፒን ሠርተው በዚሁ የጊኒ ፒግ አንጀት ላይ ሲሞክሩ፣ ከሪሴፕተሩ ውጭም የሚይዝበት ቦታ እንዳለው አይተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ጎማና ሲሊኮን ላይ ቢቀር አይገርመኝም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ነገ ጠዋት አዲስ አንጀት ስትሰቅዪ ዕቃውን በጎማው አትሙዪው። በ37 ዲግሪ የሞቀ አዲስ ታይሮድ ለዚሁ ብቻ በያዝሽው አዲስ ሲሪንጅ ከላይ ሙዪው። የምትቀይሪውም በሲሪንጅ ከላይ እየሳብሽ ይሁን። አሴቲልኮሊኑ ወደ ድሮው መጠን ከተመለሰ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተመለሰ የለጠፉትን ሲሊኮን ጠርጥሪ። ምናልባትም ሁለቱም።

ስለ ጎማው፦ አሁን ገበያ የሞላው ርካሽ ግልጽ ጎማ ወዲያው ቢጫ ይሆናል፣ ውስጡ ይሻክራል፣ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ይህን ገዝቶ ላብራቶሪ ውስጥ የሚገጥም ሰው ያናድደኛል። አውጥተሽ ጣዪው፣ አጥቤ ልጠቀምበት አትበዪ። አዲሱን ስትገጥሚ ደግሞ ከሦስት መንገዱ ቧንቧ እስከ ዕቃው ያለውን ርቀት አሳጥሪው። መሙያውም ማፍሰሻውም በዚያች አንድ ጎማ ስለሚያልፍ፣ ስታፈሺ ውስጡ የሚቀረው ፈሳሽ በሚቀጥለው ሙሌት ወደ አንጀቱ ይመለሳል። ረጅም ከሆነ ብዙ ይመልሳል። ጎሚኒውንም አብረሽ ቀይሪ።

ሲሊኮኑ የመታጠቢያ ቤት ነው መሰለኝ። ሲቀባ አቼቶ አቼቶ ይሸት ከነበረ እሱው ነው። አንጀት የሚሰቀልበት ዕቃ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? በምላጭ ሙልጭ አድርገሽ አንሺውና ስንጥቁን እዪ። ከሥሩ ከተሰነጠቀ ዕቃውን መቀየር ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ፈሳሽ በአንድና ሁለት እጥበት አይወጣም።

የቀረውን መስታወት ሁሉ በአልኮል አጥቢ፣ ከዚያ ደጋግመሽ በተጣራ ውኃ አለቅልቂ። አፍልቼ ላጥፋው ካልሽ፣ እናንተ ጋ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ማፍላት ብቻውን አይበቃም። አልኮሉ የሚያሞቀው ውኃ ያለበትን የውጭውን የፕላስቲክ ገንዳ አይንካው፣ ይሰነጥቀዋል። በአልኮል ስትሠሪም ሲሊንደሩ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት። ኦክሲጅን ባለበት አልኮልም እንደ ዘይቱ ነው።

ከዚህ በኋላ አትሮፒን የራሱ ዕቃ፣ የራሱ ጎማና የራሱ ሲሪንጅ ይኑረው።

የጦስኙ ውጤት ግን ያሳስበኛል። አንጀቱን ያላላው ጦስኙ ይሁን የትናንቱ አትሮፒን በምን ታውቂያለሽ? መዝገብሽን አውጪና የየቀኑን የመጀመሪያ አሴቲልኮሊን እዪ። ከድሮው የራቀባቸውን ቀናት ውጤት ሰርዢ፣ ለተማሪዎቹም ቁርጡን ንገሪያቸው። ልፋታቸው ነውና ይከፋቸዋል። ግን ጦስኝን ሕዝቡ ለሆዱ የሚጠጣው ነው፣ ስለ እሱ የሚጻፈው ንጹሕ መሆን አለበት። ድጋሚ ስትሠሩ ጦስኙ የተበጠበጠበትን ፈሳሽ ብቻውንም ስጪው። እሱም አንጀቱን ካላላ፣ ወይ ፈሳሹ ራሱ ያላላል ወይ ዕቃሽ ገና አልጸዳም።

አዲሱ ሬጉላተር ሲመጣ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ ቅባት ባልነካው መፍቻ ግጠሚው። ክሩ ላይ ምንም አይቀባም፣ ቢጠብቅም አይቀባም። እምቢ ካለሽ መልሺውና ሌላ ይስጡሽ።