ግፊት ሲንር፣ ሳንባም ውሃ ሲሞላ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የድንገተኛ ክፍል ሀኪም ነኝ። ግፊት በድንገት ወጥቶ ሳንባ ውሃ ሲሞላ ስለሚሰጡ መድኃኒቶች ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን መልሻለሁ። መጠኖቹን የጻፍኩት ሀኪም ቤት ውስጥ የሚደረገው እንዲገባችሁ ነው፤ ቤት እንዳትሞክሩት።

ጥያቄ፦ እናቴን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አፈናት። ግፊቷ 220/120 ነበር። መጀመሪያ ምላሷ ስር መድኃኒት አደረጉላት፣ ላሲክስ (ውሃን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት) የሰጧት ከዚያ በኋላ ነው። ውሃውን ማስወጣት አይቀድምም ነበር?

መልስ፦ ደግ አድርገዋል። እንዲህ በድንገት ሲሆን ብዙ ጊዜ ውሃው አዲስ የተጨመረ አይደለም፣ ቦታ ነው የቀየረው። የደም ስሮች ይጠባሉ። ልብ ያን ሁሉ ግፊት አሸንፎ መርጨት ያቅተዋል። ደሙ ወደ ኋላ ሳንባ ላይ ይጠራቀምና ፈሳሹ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሮቹ መከፈት አለባቸው። ናይትሮግሊሰሪን ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያደርጋል፦ ምላስ ስር 0.4 ሚሊግራም፣ ካስፈለገ በየ5 ደቂቃው ይደገማል። በደም ስር ሲሰጥ በተለምዶ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ማይክሮግራም ይጀመርና ግፊቱ እየታየ ቶሎ ቶሎ ይጨመራል። ለከፋው ታማሚ ከዚህ በጣም ከፍ ባለ መጠን የሚጀምሩም አሉ። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ በላብ ተጠምቆ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሰው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ስልኬን አቀብሉኝ» ሲል አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ላሲክስ ትርፍ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግን ሽንት እስኪያመጣ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ በደም ስር 40 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ኪኒኑን ቤት ለሚወስድ ሰው ከፍ ይላል። እግሩ ያበጠ፣ ሰሞኑን ክብደት የጨመረ ሰው እውነትም ውሃ በዝቶበታልና በደንብ ይጠቅመዋል። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ያመለጠውና ሽንት የማይወጣው ሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚያድነው ማሽኑ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን ደክመው ነበር። «ግሉኮስ ስቀሉላቸው» ብንል ተረኛው እምቢ አለን።

መልስ፦ እምቢ ማለቱ ልክ ነው። ግሉኮስም ሆነ ሌላ የሚንጠለጠል ነገር ፈሳሽ ነው። የደከሙት በትንፋሽ እጥረት እንጂ በምግብ እጦት አይደለም። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት አንዳንዴ ከሕክምናው ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በኃይል አየር የሚገፋውን ጭምብል አጎቴ «ሊገድለኝ ነው» ብለው ነቀሉት።

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይሰማዋል። ግን የሚገፋው አየር የሳንባን ከረጢቶች ከፍቶ ይይዛል፣ የልብንም ሸክም ያቀላል። ታማሚው ነቅቶ ከተባበረ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ወዲያው ይጀመራል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እጃቸውን ይዞ የሚያረጋጋቸው ሰው ካለ ይለምዱታል።

ጥያቄ፦ ሀኪሙ ባለቤቴ ፊት «ቪያግራ ወስደሃል ወይ?» አለኝ። ምን አገናኘው?

መልስ፦ በጣም ይገናኛል። ቪያግራ ከተወሰደ 24 ሰዓት ሳይሞላ ናይትሮግሊሰሪን ቢሰጥ ግፊት ክፉኛ ሊወድቅ ይችላል። ለዚያው ዓይነት መድኃኒት ለታዳላፊል 48 ሰዓት ነው። አፍሮ ከመዋሸት ሀኪሙን «ለብቻ እናውራ» ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የግፊት መድኃኒቱን የኒፈዲፒን እንክብል በስተን ምላሳቸው ስር ብናደርግስ?

መልስ፦ ተዉት። ድሮ ይሠራበት ነበር። ግፊቱን ሳይታሰብ አሽቀንጥሮ ስለሚጥለው ስትሮክና ሀርት አታክ አስከትሏል።

ጥያቄ፦ ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊንስ?

መልስ፦ ዛሬ እንደ ድሮው ለሁሉም አይሰጥም። ትንፋሽ ያዳክማል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ እግር ወደ ታች ይንጠልጠል። በጀርባ አታስተኙ። 907 ደውሉ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው እያፈላችሁ ሰዓት አታባክኑ። የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ «ግፊቴ ተስተካክሏል» ብለው ካቆሙትም እሱን ሳትደብቁ ንገሩን።