እንባ አይቶ ዝም ያለ ሰው አልተሰማውም ማለት ነውን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህን እትም ጥያቄዎች የሚመልሰው የነርቭ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ እርሱ ራሱ ኦቲዝም እንዳለበት ያወቀው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለበት ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ወር እናታችን የቅርብ ወዳጇ መሞቷን በስልክ ሰምታ ስታለቅስ፣ እርሱ ፊቱ ሳይለወጥ ጥቂት ቆሞ አያትና ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥቶ፣ ለወራት ተበላሽቶ የቆየውን የማንበቢያ መብራቷን ጠግኖ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጠላት፤ አንድም ቃል ግን አልተናገረም። እናታችን በዚህ እጅግ አዝናለች። እኔም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በአንጎላቸው አሠራር ምክንያት የሌላውን ስሜት መጋራት እንደማይችሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ ሰላም አጥቻለሁ። ሳይንሱ በእርግጥ ይህን ያረጋግጣልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለእናትዎ መጽናናትን እመኛለሁ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በተለይ መብራቱ የተጠቀሰበትን መስመር። በእኔ ግምት የመልሱ ግማሽ እዚያው መስመር ውስጥ አለ፤ ይሁን እንጂ የጠየቁኝ ስለ ሳይንሱ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ያነበቡት አባባል ሥሩ በ1985 የታተመ አንድ አጭር ጥናት ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳይመን ባሮን ኮኸን፣ አለን ሌስሊና ዩታ ፍሪዝ ለልጆች ሁለት አሻንጉሊቶች አሳዩ። አንደኛዋ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች፤ ሁለተኛዋ ብይዋን አንሥታ ሣጥን ውስጥ ትደብቃለች። የመጀመሪያዋ ስትመለስ ብይዋን የምትፈልገው የት ነው? ብይዋ ስትወሰድ አላየችምና ትክክለኛው መልስ ቅርጫቱ ውስጥ ነው፤ ኦቲዝም ከነበረባቸው 20 ልጆች ግን 16ቱ ሣጥኑን ጠቆሙ። ስለ ውጤቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ጥናቱን ለትምህርት ሳነብ ዓይኔ ያረፈው በትክክል በመለሱት አራት ልጆች ላይ ነበር፤ ችሎታው ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ የሚጎድለው ከሆነ እነዚህ አራቱ ከየት መጡ? ከዚያም በላይ ፈተናው የሚለካው ሌላው ሰው ምን ያውቃል የሚለውን መገመትን ነው። ብይዋን ስላጣችው አሻንጉሊት ኀዘን የተጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው የመስታወት ነርቮች ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን ፓርማ ጃኮሞ ሪዞላቲና ባልደረቦቹ፣ ጦጣ ራሷ አንድ ነገር ስትጨብጥም ሆነ ሌላው ሲጨብጥ ስታይ የሚነቁ የነርቭ ሕዋሳት በአንጎሏ ውስጥ አገኙ። ጥቂት ቆይቶም በኦቲዝም ይህ መስታወት ተሰብሯል የሚል መላምት ተነሣ፤ ለመናገርም ለማስታወስም ቀላል ነበርና በፍጥነት ተሰራጨ። በኋላ የተደረጉት የአንጎል ምስል ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ መላምቱን እንደ ተረጋገጠ እውነት ያስተማረኝ አንድም መምህር የለም። እርስዎን ያሳዘነዎት ጽሑፍ ከዚያ ዘመን የተረፈ ሳይሆን አይቀርም።

የሌላውን ስሜት መጋራት ስንል በእርግጥ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ እየጠቀለልን ነው፤ ሌላው ምን እንደሚሰማው ከፊቱና ከድምፁ መረዳት አንድ ነገር ነው፣ ያ ስሜት ወደ ራስ ልብ መግባቱ ደግሞ ሌላ ነው። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት፣ በዚያን ጊዜ አስፐርገር ሲንድሮም ይባል የነበረው የኦቲዝም ዓይነት ያለባቸውን አዋቂዎች መርምሮ ሁለቱን ለየብቻ ለካ፤ በመጀመሪያው ከሌሎች ዝቅ ብለው ተገኙ፣ በሁለተኛው ግን ልዩነት አልታየም። በ2010 ደግሞ ጄፍሪ በርድና ባልደረቦቹ ተሳታፊዎች የቅርብ ሰዋቸው ሕመም ሲደርስበት ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ምን ያህል እንደሚነቃ ተመለከቱ። መንቃቱን የቀነሰው ኦቲዝሙ አልነበረም፤ አሌክሲታይሚያ የሚባለው፣ ማለትም የራስን ስሜት ለይቶ ለማወቅና በቃል ለመግለጽ መቸገር ነበር። ይህ ችግር ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል፤ ኦቲዝም በሌለባቸውም ላይ ይገኛል።

ይህን ጥናት ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እኔ አሌክሲታይሚያ ካለባቸው አንዱ ነኝና። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አባቱ በጠና መታመማቸውን ሲነግረኝ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ የክፍሉ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ፤ የሰዎቹ ድምፅ ሁሉ እኩል ጮኸብኝና ተነሥቼ ወጣሁ። የተሰማኝ ኀዘን መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ተቀምጬ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩለት። በእነዚያ ሁለት ቀናት ግን እርሱ ትቼው እንደ ሄድኩ አምኖ ነበር። ስሜቱ ደርሶኛል፣ ስሙ ግን ዘግይቷል፤ ያየኝ ሰው የሚያየው መዘግየቱን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ምርምር በጥናት ተሳታፊ ሆኜም አውቀዋለሁ። የአንጎልን ምስል የሚያነሣው የኤምአርአይ መሣሪያ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊጮህ ይችላል፤ ጆሮዬ ተደፍኖም ቢሆን ጩኸቱ በአጥንቴ ውስጥ ያልፍ ነበር። በዚያ መካከል የማላውቃቸው ሰዎች የፊት ፎቶግራፍ ለጥቂት ሰከንድ እየታየኝ ስሜታቸውን እንድመርጥ ቁልፍ ተሰጠኝ። መሣሪያው የሚመዘግበው የደም ፍሰትን ለውጥ ነው፤ እኔም ከውስጡ ስወጣ የተመዘገበው የፊቶቹ ትርጉም ይሁን ወይስ ጩኸቱን ለመቋቋም ያደረግሁት ትግል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የምወደውን ሙያ መናቄ አይደለም። ተማሪ ሆኜ የምቀጥለውም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው።

ጥያቄው ከአንድ ሰው አንጎል ወጥቶ በሁለት ሰዎች መካከል የተቀመጠው በ2012 ነው፤ ኦቲዝም ያለበት ምሁር ዴሚየን ሚልተን ኦቲዝም ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን መሆኑን አመለከተ። በ2017 የታተመ ሥራ ለዚህ ክብደት ሰጠው፤ ተመልካቾች ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች በሰከንዶች ቪዲዮ አይተው ከሌሎች ይልቅ እነርሱን ለመቅረብ እምብዛም አልፈለጉም፣ ንግግራቸው በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በ2020 ደግሞ አንድ ታሪክ በስምንት ሰዎች ሰንሰለት ሲተላለፍ፣ ኦቲዝም ያለባቸው እርስ በርሳቸው ከሌሎቹ ባላነሰ መልኩ አስተላለፉት፤ ሁለቱ ወገኖች ሲደባለቁ ግን ብዙው ጠፋ። በ2025 የታተመው ሰፊ ተከታይ ጥናት በድብልቁ ላይ ያ ድክመት አለማግኘቱን መናገር ይገባኛል። በሁለቱም ጥናቶች ያልተለወጠው፣ እኛ እርስ በርሳችን መነጋገር የምንችል መሆናችን ነው።

ስለ ወንድምዎ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ አላየሁትም፣ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ቢሆንም በሩን የዘጋው ለመሸሽ ሳይሆን የደረሰበትን ለመሸከም ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም እናቱ ያጣችውን መመለስ ባይችል የተበላሸባትን አስተካከለ። ይህን ለእናትዎ ይንገሯት። እርሱን ደግሞ ሰው ባልተሰበሰበበት ሰዓት፣ ቢመርጥ በጽሑፍ፣ ያን ቀን ምን እንደተሰማው ይጠይቁትና መልሱ ሳምንት ቢፈጅም ይጠብቁት። እናትዎ ስታዝን አጠገቧ መቀመጥን ብቻ የምትፈልግ ከሆነ በግልጽ ቃል ትንገረው። ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል ትእዛዝ ሆኖ አይሰማኝም፤ ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ «አሁን ዝም ብለህ አብረኸኝ ተቀመጥ» ሲለኝ የሚሰማኝ እረፍት ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ኦቲዝም ያለበት ተማሪዬ ሳናግረው ዓይኔን አያይም። እንዲያይ ማስለመድ ይገባኛልን?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ አያስገድዱት። በ2017 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ፊት ሲታያቸው ዓይን ዓይኑን እንዲያዩ ሲደረጉ ስሜትን የሚያስተናግዱት የውስጠኛው አንጎል ክፍሎች ከመጠን በላይ እንደሚነቁ አሳይቷል። ከራሴ የማውቀውም ይህንኑ ነው፤ የመምህሬን ዓይን ባየሁ ጊዜ ዓይኑን ብቻ አያለሁ፣ የተናገረውን ግን አልሰማም። ደብተሩን ወይም መስኮቱን እያየ ያዳምጥዎት፤ መስማቱን ማወቅ ከፈለጉ ስለ ትምህርቱ ይጠይቁት።